የዓርብ አፈር

እኛ ከሰላችንን ከመሬት ቆፍረን ነበር የምናወጣው። ይህን ስል ሰው የድንጋይ ከሰል ይመስለዋል፤ የእኛ የባሕር ዛፍ ጉቶ ነው። በንጉሡ ዘመን መጨረሻ ላይ፣ ከኮልፌ ወደ ቀራንዮ መድኃኔ ዓለም ስትሄዱ ግራና ቀኙ የባለርስት ባሕር ዛፍ ነበር። ግንዱ ተቆርጦ ለቤት ሥራ ይሄድና ጉቶው መሬት ውስጥ ይቀራል። ጉቶ የበዛበት መሬት አይታረስም፣ ቤትም አይሠራበትም። ስለዚህ ባለርስቱ፣ «ጉቶውን ነቅሎ መሬቴን ላጸዳልኝ ሰው ጉቶው የራሱ ነው» ይላል። ደመወዛችን ጉቶው ነበር።

የባሕር ዛፍ ጉቶ ነቅሎ የማያውቅ ሰው ደከመኝ ሲል ስሰማ ዝም እላለሁ። ዙሪያውን በዶማ ትቆፍሩታላችሁ፤ ሥሩ ሲገኝ በመጥረቢያ ትቆርጡታላችሁ፤ አለቀ ስትሉ ከሥሩ በታች ሌላ ሥር ይመጣል። እኔና ባለቤቴ ማለዳ ጀምረን አንዱን ጉቶ ለማነቃነቅ ቀትር ይሆንብናል። ትልቁ ሲወጣ ጉድጓዱ እኔን እስከ ደረቴ ይውጠኛል። አንድ ቀን ምድር ባቡር ሲሠራ የኖረ ጎረቤታችን መንገድ ዳር ቆሞ ሲያየን ቆየና፣ «በፈረንጅ አገር ከሰል የሚቆፈረው ከመሬት ሆድ ነው አሉ። ሰዎቹ ጠዋት ይገቡና ማታ ፊታቸው ጠቁሮ ይወጣሉ» አለን።

ባለቤቴ ከጉድጓዱ ቀና ብሎ ላቡንም ጥላሸቱንም በእጅጌው ጠረገ። «ታዲያ እኛ የት አገር ያለን መሰለህ?» አለው።

ሳቅን። ባለቤቴ ግን ሳቁን ሳይጨርስ ሳል ያዘው። ያን ጊዜ ደረቱን ጀምሮት ነበር።

የመጣነው ከዓባይ ማዶ ነው። አባቴ ደብተራ ስለነበር፣ ለሴት ልጅ ባይለመድም፣ ፊደል አስቆጥሮ ዳዊት አስደግሞኛል፤ ይህን የምጽፈውም በእሱ በረከት ነው። የባለቤቴ የእርሻ መሬት ለእሱና ለወንድሞቹ አልበቃ ሲል «አዲስ አበባ ሥራ አለ» አሉትና መጣ፤ እኔም ተከተልሁት። ሥራ አለ ያሉት እውነታቸውን ነው። ሞልቷል። ያልነገሩን ሰንበት እንደሌለው ነው።

በአገሬ ቅዳሜም እሑድም ሰንበት ነው፤ ዶማ አይነሳም፣ መሬት አይጫርም። በወሩ ትልልቅ በዓላትም እንዲሁ። ከሰል ደግሞ በዓል አያውቅም። የነቀልነውን ጉቶ ፈልጠን እናደርቅና እንከምረዋለን። በክምሩ ላይ ሣርና ቅጠል፣ በቅጠሉ ላይ አፈር እናለብሳለን። ከታች ለኩሰን አፉን እንዘጋለን። የሚፈለገው ታፍኖ እንዲጤስ እንጂ እንዲነድ አይደለም። ነፋስ ከገባው ይነዳል፤ ከነደደ የሳምንታት ጉልበት በግማሽ ቀን አመድ ይሆናል። ስለዚህ አንድ ሰው ሌት ተቀን አጠገቡ ይቀመጣል። እንጨቱ ውስጥ ውስጡን ሲያልቅ ላዩ ይሰረጉዳል፣ ይሰነጠቃል፤ «ተነፈሰ» እንላለን። በተነፈሰበት ቶሎ አፈር ማልበስ ነው። አፈር ደግሞ ካልተቆፈረ ከየት ይመጣል?

ትንሹን ክምር ሰኞ ለኩሰን ቅዳሜ ሳይገባ እናወጣዋለን። ትልቁ ግን ከሳምንት ያልፋል፤ ሰንበት ላይ መውደቁ አይቀርም። ይህ ጭንቅ ሆነብኝና ለነፍስ አባቴ ነገርኋቸው። ያረጁ፣ በነገር የማይቸኩሉ ቄስ ነበሩ። መቁጠሪያቸውን ሲያሽከረክሩ ቆዩና፣ «ልጄ፣ የሚቆፈረው በሥራ ቀን ይቆፈር። ተቆፍሮ የተቀመጠውን በእሳት ላይ ማልበስ፣ ቤት ሲቃጠል ውኃ እንደመድፋት ነው፤ እሱን የሚከለክልሽ የለም» አሉኝ።

መስቀላቸውን ተሳልሜ ወጣሁ። ከዚያ ወዲህ ዓርብ ዓርብ በጾም ሆዴ ለሁለቱ ሰንበታት የሚበቃ አፈር ቆፍሬ፣ ሥሩን ለቅሜ፣ ጓሉን በእጄ ፈርፍሬ ከክምሩ አጠገብ እቆልላለሁ። ሰፈሩ «የዓርብ አፈር» አለው። ለማሾፍ ነው።

ዋናዋ አሿፊ ጎረቤቴ ነበሩ። በልጅነታቸው ከከፋ መጥተው እዚሁ ያረጁ፣ ባል የቀበሩ፣ ልጅ ያልወለዱ ሴት ናቸው፤ እማማ እላቸዋለሁ። ከእኛ ጎን የራሳቸውን ክምር ያከስላሉ፣ ራሳቸው ኮልፌ ገበያ አውጥተው ይሸጣሉ። እሳቸውም ክርስቲያን ናቸው፤ ቅዳሜ ግን ለእሳቸው የገበያ ቀን ነው።

«አንቺ፣» ይሉኛል ዓርብ ስቆፍር ሲያዩኝ፣ «የእናንተ አገር እግዜር ዶማ ይቆጥራል እንዴ?»

«የእኛም የእርስዎም አንድ ነው፣ እማማ።»

«አንድማ ከሆነ ቅዳሜ ቅዳሜ እኔን ገበያ ሲያየኝ ምነው ዝም አለ?»

«ታግሦዎት ነው።»

«እሰይ! እኔን ይህን ሁሉ ዓመት የታገሠ፣ አንቺ ላይ ምን ያጣድፈዋል?»

እንዲህ ያሹፉ እንጂ፣ እኔ ቅዳሴ ስሄድ ክምሬን የሚጠብቁልኝ እሳቸው ነበሩ። እሳቸው ገበያ ሲሄዱ የእሳቸውን እኔ እጠብቃለሁ። አመስግኛቸው አላውቅም፤ ተራ ነው።

አንድ ዓመት፣ በፋሲካ ሰሞን፣ ከአገሬ የመጣ የፍየል ቆዳ ነጋዴ የእናቴን መልእክት አደረሰኝ። ዓይኗን ሞራ እየጋረደው ነው። «ሰው እንደ ጥላ ሆኖብኛል። ክረምት ሳይገባ ነዪ፣ ፊትሽን ልየው» ብላለች። ከተለየኋት ስምንት ዓመት ሆኖኝ ነበር። ክረምት ከገባ በእኛ በኩል ወንዙ ይሞላል፣ ከመኪና መውረጃ ወዲያ ያለው መንገድ ጭቃ ነው፤ እስከ መስከረም የሚያልፍ የለም። ስለዚህ ያለኝ ጊዜ እስከ ሰኔ መግቢያ ነው።

ባለርስቱም በዚያው ሰሞን ጠባቂውን ልኮ መሬቱ ክረምት ሳይገባ ይጽዳልኝ አለ። የቀረውን ጉቶ ሁሉ ነቅለን በአንድ ከመርነው። ያን የሚያህል ክምር ከምረን አናውቅም። ባለቤቴ ዙሪያውን ዞሮ አየውና፣ «ይህ መሳፈሪያሽ ነው። እናትሽን ሳሚልኝ» አለኝ። ማክሰኞ ለኮስነው።

ልብ ያላልሁት አንድ ነገር ነበር። የበዓል ቀን ለይታ የምታውቅ ሴት ይህን ልብ አላልሁም ስትል ማን ያምናታል? ወሩ ግንቦት ነው፤ ዓርቡ ሃያ ሰባት፣ መድኃኔ ዓለም። ቅዳሜው አማኑኤል። እሑዱ በዓለ ወልድ። የዓርቡ አፈር በዓርብ የሚቆፈር አይደለም። ለሦስት ቀን የሚሆነውን ሐሙስ መቆፈር አለብኝ ማለት ነው።

ሐሙስ ደግሞ ባለቤቴ ትኩሳት ጥሎት ዋለ። ግማሹን ቀን ውኃ ሳቀርብለት፣ ላቡን ስጠርግለት ቆይቼ፣ ወደ ማታ ወጥቼ ቆፈርሁ። ስመለስ በተኛበት ጠየቀኝ።

«ስንት ያህል ቆለልሽ?»

«እንደ ሁልጊዜው።»

«ሁልጊዜ ክምሩ ይህን ያህላል? ሁልጊዜስ ሦስት ቀን ነው? ነገ ማለዳ፣ ቤተ ክርስቲያን ሳትሄጂ ትንሽ ጨምሪበት።»

«በመድኃኔ ዓለም ቀን? ደወሉ እየተሰማኝ?»

«በቃ፣ ተዪው።» ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

«እሱ ያውቃል» አልሁ። ይህን ቃል ሌላ ጊዜ በእምነት ነው የምለው። የዚያን ቀን ያልሁት ግን ደክሞኝ ነው። ክንዴ ከትከሻዬ የተገነጠለ ይመስለኝ ነበር፤ በዓሉ ዶማውን እንዳላነሳ ስለከለከለኝ ደስ ብሎኛል። ይህን ለማንም ተናግሬው አላውቅም።

ዓርብ ክምሩ አንዴ ተነፈሰ። ቅዳሜ ሁለቴ፣ ሦስቴ። አፈሩን እንደ ጨው እየቆጠብሁ አለበስሁት። እሑድ ጠዋት የቀረው ሁለት ጆንያ አይሞላም ነበር። ባለቤቴ አሁንም ተኝቷል። እማማን «አደራ» ብያቸው ወደ ቅዳሴ ሄድሁ። «ሂጂ፣ ሂጂ። ለእኔም አንድ ቃል ጣይልኝ» አሉኝ።

ከቅዳሴ ስመለስ ከሩቁ አየሁት። ጢሱ ወፍራምና ነጭ መሆን ሲገባው ቀጥኗል፤ በላዩ ያለው አየር እንደ በጋ መንገድ ይርገበገባል። ይህ ማለት ውስጡ እየነደደ ነው። ነጠላዬን አጣፍቼ ሮጥሁ።

እማማ ጫማቸውን አውልቀው፣ ቀሚሳቸውን ወገባቸው ላይ ሸጉጠው ቆመዋል። ሐሙስ የቆለልሁት ቦታ ባዶ ነው፤ የተጠረገ አውድማ መስሏል።

«የት ቆየሽ! አለቀ እኮ!»

«ምኑ?»

«የጽድቅሽ አፈር ነዋ! በሦስት ቦታ ነው የተነፈሰው። ሁለቱን ደፍኛለሁ። ዶማውን የት ነው ያደረግሽው?»

«እማማ፣ እሑድ ነው። በዓለ ወልድ ነው።»

«እናትሽስ? እናትሽ በስንተኛው ቀን ነው የምትውለው?»

ተንበርክኬ መሬቱን በጣቴ መጫር ጀመርሁ። የተረገጠ መሬት ነው፤ ጥፍሬ ሥር ከሚገባው በቀር የሚነሳ ነገር የለም። እማማ ከላይ ሆነው ያዩኛል።

«እጅ አይቆፍርም ያለሽ ማነው?» አሉኝ።

ጣቴ ቆመ። እውነታቸውን ነው። እየቆፈርሁ ነው፤ ግን ምንም እያወጣሁ አይደለም። ክምሩ ውስጥ አንድ ነገር ተሰነጠቀና ጮኸ። ዶማው የት እንዳለ አውቃለሁ፤ በዓል ሲሆን ጉቶ ወጥቶበት በቀረ ጉድጓድ ውስጥ አስቀምጬ ጆንያ አለብሰዋለሁ፣ እንዳላየው። ቀና ብዬ እማማን አየኋቸው።

«ጉድጓዱ ውስጥ ነው» አልሁ።

ያልሁት ይህን ብቻ ነው። ቆፍሩልኝ አላልሁም።

እማማ ወርደው ዶማውን ይዘው ወጡ። «በይ፣ በእኔ ይጻፍ። የእኔ መዝገብ እንደሆነ ሞልቷል» አሉና መቆፈር ጀመሩ። እኔ የቆፈሩትን በጆንያ እየወሰድሁ አለብሳለሁ። ማልበስ ተፈቅዶልኛል። ምን ያህል እንደቆየን አላውቅም፤ ትንፋሻቸው ሲቆራረጥ ይሰማኛል። ጎኑ ተደፈነ። ከአናቱ ላይ ያለው ስንጥቅ ቀረ፤ ከታች ሆኜ ስወረውር አፈሩ ተንከባልሎ ይመለሳል።

«አንቺ መወርወርም አልተማርሽ። አምጪው እስቲ።» ጆንያውን ከእጄ ነጠቁና ወጡ።

በበሰለ ክምር ላይ አይረገጥም። ውስጡ ባዶ ነው፤ የሚያውቅ ሰው ረጅም ሳንቃ ጥሎ ነው የሚወጣው። እማማ ይህን ከእኔ በፊት ያውቃሉ፤ ለእኔም የነገሩኝ እሳቸው ናቸው። ግን የደከመ ሰው የሚያውቀውን ይረሳል። ሁለት እርምጃ ሄዱ። በሦስተኛው ቀኝ እግራቸው እስከ ጉልበታቸው ገባ።

አልጮኹም። «አንቺ» ብቻ አሉኝ፣ እንደ ሁልጊዜው። በብብታቸው ይዤ ጎተትኋቸው። የእግራቸውን ነገር አልጽፈውም።

በፈረስ ጋሪ ሐኪም ቤት አደረስኋቸው። መንገዱን ሁሉ ጭንቅላታቸው ጭኔ ላይ ነበር። «ክምሩስ?» ይሉኛል፤ «ዝም ይበሉ፣ እማማ» እላለሁ። ክምሩን ባለቤቴ ጩኸቴን ሰምቶ ከትኩሳቱ ተነሥቶ፣ እያሳለ ቆፍሮ እስከ ማታ ደፈነው። ግማሹ ተረፈ። ግማሹ አመድ ሆነ።

የተረፈውን አውጥተን በጆንያ ስንከፋፍለው መሳፈሪያዬ ሊወጣው ይችል ነበር። እማማ ግን ልጅ የላቸው፣ ወንድም የላቸው። ቁስላቸው በየሁለት ቀኑ ይታጠባል፤ ማጠቢያውና ፋሻው ይገዛል፤ ውኃ የሚያቀርብላቸው ሰው ያስፈልጋል። ከሰሉን በእሳቸው ቦታ ገበያ ተቀምጬ ሸጥሁት። ቅዳሜ ነበር። ማንም ምንም አላለኝም።

«ሂጂ እንጂ» አሉኝ ማታ ሳጥባቸው። «ይህ እግር ነው። ዓይን አይደለም፣ ይቆያል።»

«ይድኑና እሄዳለሁ።»

«ሞኝ ነሽ። ዘወር በይ፣ ብርሃኑን ከለከልሽኝ።»

ሰኔ ገባ። ዝናቡ የመጀመሪያውን ቀን ቆርቆሮውን ሲመታው ሁለታችንም ሰማነው።

በሐዋርያት ጾም ንስሐ ልገባ ሄድሁ። ወሬው ለነፍስ አባቴ ደርሷቸዋል፤ «በበዓለ ወልድ ቆፍረሻል ወይ?» አሉኝ።

«አልቆፈርሁም፣ አባቴ።»

«እግዚአብሔር ይፍታሽ» አሉና መስቀላቸውን ግንባሬ ላይ አደረጉ። ወጣሁ። የቅጥሩ በር ላይ ደርሼ ቆምሁ። ተመለስሁና ሁሉንም ነገርኋቸው፤ ዶማው የት እንዳለ እንደነገርሁ፣ አሮጊቷ ሲቆፍሩ ቆሜ አፈር እንደተቀበልሁ።

«ሴትዮዋ ዕድሜያቸው ስንት ይሆናል?» አሉኝ።

«አላውቅም፣ አባቴ። እናቴን ያህላሉ።»

ከዚያ በኋላ ምንም አልጠየቁኝም። ስግደት ሰጡኝ፤ ሰገድሁ። ጉልበቴ ሲያመኝ እንኳ የቀለለኝ ነገር አልነበረም።

አገሬ የደረስሁት በጥቅምት ነው። እናቴ በር ላይ ተቀምጣ ፀሐይ ትሞቃለች። ወደ ድምፄ ዞረች እንጂ ወደ እኔ አልዞረችም። ፊቴን በእጇ ዳሰሰችው፤ ከዚያ እጄን ይዛ መዳፌን አገላበጠችው።

«ይህ እንደ በሬ ጫንቃ የሻከረው ያንቺ እጅ ነው? ምን ትሠሪበታለሽ?»

«ከሰል።»

«ከሰል ደግሞ እጅ ያሻክራል?»

«ከመሬት ነው የምናወጣው።»

አልገባትም፣ ግን ተወችው። ቆይታ፣ «ክረምት ሳይገባ ብዬሽ ነበር» አለች።

«ሰው ታሞብኝ ነው።»

«ዳነ?»

«እያነከሱ ይሄዳሉ።»

«ታዲያ መልካም አደረግሽ። በሽተኛ ጥለሽ ብትመጪ እኔም አልወደው» አለችኝና እጄን ሳመችው። እንዳትስመው ልነጥቃት ፈለግሁ። የቀረውን ልነግራት ያሰብሁት ማታ ነበር፤ ማታ ዘመድ መጣ፤ ሳልነግራት ተመለስሁ። ዳግመኛ አላገኘኋትም።

ኮልፌ ስገባ እማማ በምርኩዝ ቆመው ክምር ለኩሰው አገኘኋቸው። ትንሽ ክምር ነው፤ ጉልበታቸው የቻለውን ያህል። ጉቶውን የነቀለላቸው ባለቤቴ ነው። ዓርቡን እንደ ልማዴ አፈር ቆፍሬ ቆለልሁላቸው። እሑድ ከቅዳሴ ስመለስ አፈሩ አልቋል፤ ክምሩ በአንድ በኩል ይተነፍሳል፤ እማማ ምርኩዛቸውን ይዘው ሊነሡ ይታገላሉ።

ነጠላዬን አውልቄ አጥር ላይ ሰቀልሁና ጉድጓዱ ውስጥ ወረድሁ። ዶማውን ይዤ ስወጣ አዩኝ።

«እሑድ ነው፣ አንቺ።»

«አውቃለሁ፣ እማማ። ይቀመጡ።»

ተቀመጡ። እግራቸውን ዘርግተው ጉቶ ላይ ተደገፉ። መጀመሪያ ዝም ብለው አዩኝ፤ በኋላ በምርኩዛቸው ያሳዩኝ ጀመር።

«እዚያ ጋ አትቆፍሪ፣ ድንጋይ ነው። ወደ ግራ። ወደ ግራ አልሁሽ! ይኸው እዚህ፣ ልሙን አፈር አታዪውም?»